ቀበቶው የተለካው በአዋቂ ነው

 

ቅዳሜ ጠዋት ከአዳማ ወደ ሶደሬ የሚወርዱ የቤት መኪኖችን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ የሰዉ አቀማመጥ ተመሳሳይ ነው። አባት መሪ ይዟል። እናት ጋቢና ተቀምጣ ሕፃኑን ታቅፋለች። ከኋላ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ፣ ሁለት ሦስት ወንድማማቾች ተጠጋግተዋል። ከእነሱ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ የአራት ወይም የአምስት ዓመቱ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሀል ቆሞ መንገዱን በፊት መስታወት ያያል። ቀበቶ ያሰረ ሰው ካለ አባት ነው፤ እሱም ትራፊክ ፖሊስ እንዳይቀጣው። በዚያ መኪና ውስጥ ልጆቹን የማይወድ ሰው የለም። ሕፃኑ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠው ስለሚወደድ ነው። ትልቁም እንዲቆም የተፈቀደለት መንገዱን ማየት ደስ ስለሚለው ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህ ፍቅር ልጁን የሚያስቀምጥበት ቦታ እንዲቀየር ልለምን ነው።

የአካባቢያችን መንገድ ተለውጧል። ከአዲስ አበባ አዳማ የሚያደርሰው የፍጥነት መንገድ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ትናንሽ መኪኖች በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይበሩበታል። ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ በኩል ባቱ የሚደርሰውም ተከፍቷል፤ የመጨረሻ መዳረሻው ሐዋሳ ነው። በዚሁ ሸለቆ የጂቡቲ ወደብን ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች ሌት ተቀን ያልፋሉ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ፣ በበዓል ማግስት ደግሞ ወደ ላንጋኖ ቤተሰቡ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ይወጣል። መንገዱ እንዲህ ሲፈጥን፣ ልጅ በመኪና ውስጥ የሚቀመጥበት ልማድ ግን አባቶቻችን በላንድሮቨር በፒስታ መንገድ ሲጓዙ እንደነበረው ቀርቷል።

ጭን ላይ ያለ ልጅ በግጭት ጊዜ ምን እንደሚገጥመው እንመልከት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ይህ የከተማ ፍጥነት ነው፣ ከቆመ ነገር ጋር ቢላተም ፊቱ ተጨማድዶ በግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ቀጥ ይላል። በዚያች ቅጽበት በውስጡ ያለ ሁሉ ከራሱ ክብደት 20 እጥፍ ገደማ በሚሆን ኃይል ወደ ፊት ይወረወራል። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 240 ኪሎ ሆነ ማለት ነው፤ ከ2 ኩንታል በላይ። ይህን በክንዷ የምትይዝ እናት አልተፈጠረችም። እናትየው ቀበቶ ካላሰረች ደግሞ የእሷ ሰውነት ከኋላ እየመጣ ሕፃኑን ከዳሽቦርዱ ጋር ያጣብቀዋል። ብልሃት የመሰላቸው አንዳንዶች አንዱን ቀበቶ ለእናትም ለልጅም በጋራ ያስሩታል፤ ይህ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቀበቶው የእናትየውን ክብደት ሁሉ በልጁ ሆድ ላይ ያሳርፈዋልና። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በከተማ ፍጥነት ያልቻልነውን በፍጥነት መንገዱ ላይ እንችለዋለን ብሎ ማሰብ አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎችን በዓለም ላይ በብዛት የሚገድለው ወባ ወይም ሌላ በሽታ ሳይሆን የመንገድ ትራፊክ አደጋ ነው። በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመንገድ ላይ ይሞታሉ። ይኸው ድርጅት ለልጅ በተሠራ መቀመጫ ውስጥ በአግባቡ መታሰር የጨቅላ ሕፃናትን ሞት እስከ 71 በመቶ እንደሚቀንስ ያስረዳል። እስቲ አስቡት፤ ከ10 ሕፃናት 7ቱን ሊያተርፍ የሚችል ክትባት መጣ ቢባል አዳማ ሆስፒታል በር ላይ ሌሊቱን ተሰልፈን ባደርን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልጅ ሲያድግ ሦስት መቀመጫ ይፈራረቁበታል። ጨቅላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ በሚታሰርበት መቀመጫ ይጀምራል፤ የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ፣ አንገቱ ደግሞ ገና ያልጠና ስለሆነ ግጭቱን በጀርባው ሙሉ መቀበል አለበት። ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሆነው፣ መቀመጫው የሚችለው ከሆነ ከዚያም በላይ፣ እንዲሁ ቢጓዝ ይመረጣል። ቀጥሎ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የራሱ ማሰሪያ ባለው ወንበር ይቀመጣል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ያም ወንበር ሲጠበው፣ ቡስተር የምንለው ይመጣል። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ሰው ጥቂትም ቢሆን ሰምቷል። ቡስተሩን ግን ያወቀው ጥቂት ነው፤ ያወቀውም እንደ ቅንጦት ይቆጥረዋል። «አድጓል እኮ፣ ትምህርት ቤት ገብቷል» ይባላል። ሳይታሰር የሚቀረው ወይም በተሳሳተ መንገድ የሚታሰረው እንግዲህ ይኸው አደገ የተባለው ልጅ ነው።

የመኪናችን ቀበቶ የተለካው በአዋቂ ሰው አካል ነው። ሦስት ቦታ የሚያያዘውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ሲሠራ፣ ኃይሉ በሰውነት ጠንካራ አጥንቶች ላይ እንዲያርፍ አስቦ ነበር፤ ከታች በዳሌ አጥንት፣ ከላይ በደረትና በትከሻ። አዋቂ ሰው ሲያስረው በእርግጥ እዚያው ያርፋል። የስድስት ዓመት ልጅ ግን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አጭር ስለሆነ የላይኛው ቀበቶ አንገቱን ይፈገፍገዋል፤ የታችኛውም ከዳሌው ሸርተት ብሎ ሆዱ ላይ ይወጣል። የልጅ ዳሌ አጥንት ቀበቶውን አንጠልጥሎ የሚይዝ ጎላ ያለ ጠርዝ ገና አላበጀም። በግጭት ጊዜ ልጁ ከቀበቶው ሥር ሹልክ ይላል፤ ቀበቶውም አንጀቱን፣ ጉበቱን፣ ጣፊያውን፣ አንዳንዴም ጀርባ አጥንቱን ይጎዳል። ሐኪሞች በእንዲህ ዓይነት ልጅ ሆድ ላይ አግድም የተሰመረ ሰንበር ሲያዩ ወዲያው ወደ ውስጥ መመርመር አለባቸው፤ ከላይ ቁስል ሳይታይ ውስጡ ሊደማ ይችላልና።

ቡስተር የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፦ ልጁን ከፍ አድርጎ ቀበቶውን ከሆድ ወደ ዳሌ፣ ከአንገት ወደ ትከሻ ይመልሰዋል። በውስጡ ምንም የተለየ ምሥጢር የለም። ቮልቮ የመጀመሪያውን ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲያወጣ ሐሳቡ ይኸው ነበር። ጎኖቹ ላይ ያሉት ቀንድ የሚመስሉ መያዣዎች የታችኛውን ቀበቶ ወደ ታች ጎትተው ጭኑ መነሻ ላይ ያስቀሩታል። መደገፊያ ያለው ዓይነት ደግሞ ለትከሻው ቀበቶ ማሳለፊያ አለው፤ የልጁንም ጭንቅላት ከጎን ይደግፋል።

ልጅ ከቡስተር የሚወጣው መቼ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 10 ዓመት ወይም 135 ሳንቲ ሜትር ይላል። አሜሪካኖች እስከ 145 ሳንቲ ሜትር ያቆዩታል። እኔ የኢትዮጵያ ወላጅ ዕድሜውን ትቶ ቁመቱን ይያዝ እላለሁ፤ ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ለዕድሜያቸው አጭር መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ በሌላ አገር የ10 ዓመት ልጅ የሚደርስበት ቁመት ላይ የእኛ ብዙ ልጆች የሚደርሱት 11 ወይም 12 ዓመት ሲሆናቸው ነው። ቀበቶ የልደት ቀን አያውቅም፤ የሚያየው ቁመትን ነው።

ቁመቱን ብትለኩትም መኪናችሁ ውስጥ ደግማችሁ ሞክሩት፤ ወንበር ሁሉ አንድ አይደለምና። ልጁን ያለ ቡስተር የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጡት። ጀርባው ከመደገፊያው ጋር ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ ጉልበቱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል? የታችኛው ቀበቶ ሆዱን ሳይነካ ጭኑ መነሻ ላይ ተኝቷል? የላይኛው በትከሻውና በደረቱ መሀል ያልፋል? እነዚህን ካለፈ የመጨረሻው ጥያቄ ይቀራል፤ እኔ ከሁሉም ይበልጥ ዋጋ የምሰጠው ለእሱ ነው፦ ከአዳማ ሻሸመኔ እስኪደርስ ድረስ እንዲሁ መቆየት ይችላል?

ይህ የምቾት ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ምቾትንና ደህንነትን ለያይቶ ያያል። ምቾት ለማባበል፣ ደህንነት ለግዴታ ይመስለዋል። በልጅ መቀመጫ ላይ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። የአዋቂ ወንበር ጥልቅ ነው፤ የልጅ ጭን አጭር ነው። ልጁ ጀርባውን ካስጠጋ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ እግሩ እንደ እንጨት ተዘርግቶ ይቀራል። ይህ ስለሚያሳምመው ጉልበቱ ጠርዙ ላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጋደም ይላል። ጋደም ሲል ቀበቶው ሆዱ ላይ ይወጣል። አንገቱን የሚፈገፍገውን የላይኛውን ቀበቶም ወስዶ ከብብቱ ሥር ወይም ከጀርባው ያሳልፈዋል። «ይህ ልጅ አይታዘዝም» እንላለን፤ ልጁ ግን የሚያመውን ነገር እየሸሸ ነው። ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ቀበቶው አንገቱን ይለቃል፣ መስኮቱም ዓይኑ ፊት ይመጣል። መሀል ቆሞ ሊያየው የፈለገውን መንገድ ተቀምጦ አየው ማለት ነው። ውጭውን አርቆ የሚያይ ልጅ ማቅለሽለሹም ይቀንስለታል።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ የምቾት ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። አዳማ፣ መቂ፣ ከሁሉም በላይ መተሐራ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ መኪና ውስጥ የቀበቶው ብረት የልጅ ቆዳ ያቃጥላል። ጥቁር ጨርቅ የለበሰ መቀመጫ ምድጃ ይሆናል። አንድ ጊዜ የተቃጠለ ልጅ በሚቀጥለው ቀን መቀመጫውን ሲያይ ያለቅሳል፤ ወላጅም «ይቅርበት» ይላል፤ ጉዳዩ እዚያ ያበቃል። መኪናውን ስታቆሙ መቀመጫውን በነጠላ ሸፍኑት። ከመሳፈራችሁ በፊት በሮቹን ከፍታችሁ አየር ይለፍበት፤ ብረቱን በራሳችሁ እጅ ነክታችሁ እሰሩ። አዲስ የምትገዙ ፈካ ያለ ቀለም ያለውንና ጨርቁ ወልቆ የሚታጠበውን ምረጡ፤ ላብና ጭማቂ የጠጣ መቀመጫ ልጅን ያሳክካል።

እግረ መንገዴን ከባድ ነገር ላንሣ። ልጅ መኪና ውስጥ ተዘግቶበት «አንድ ጊዜ ባንክ ገብቼ ልውጣ» አይባልም። ውጭው 30 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ አብዛኛው ጭማሪ የሚመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት ጥቂት ከፍቶ መተውም ብዙ አይለውጠውም። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂው ሦስት እስከ አምስት እጥፍ በሚፈጥን ሁኔታ ይግላል። የተኛ ልጅ ደግሞ ጮሆ አይጠራችሁም።

የብርዱም ነገር አለ። ከአሰላ ወደ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁለቱ ግን የአየር ጠባዩን ይገለብጠዋል። ጠዋት አሰላ ላይ ልጁ ሹራብ፣ ጃኬት፣ አንዳንዴም ጋቢ ደርቦ ይታሰራል። ያ ሁሉ ልብስ በቀበቶውና በልጁ ሰውነት መካከል ክፍተት ይፈጥራል፤ በግጭት ጊዜ ልብሱ ተጨምቆ ቀበቶው ላላ ብሎ ይገኛል። መንገድ ላይ ዴራ ሲደርስ ልጁ ይሞቀዋል፣ ማውለቅ ይፈልጋል፣ ለማውለቅ ቀበቶው ይፈታል፣ ዳግመኛ የሚያስረው የለም። ስለዚህ ጃኬቱን አውልቃችሁ በስስ ልብስ እሰሩትና ጋቢውን ከቀበቶው በላይ አልብሱት። ሲሞቀው ራሱ ይገፈዋል፤ ቀበቶው አይነካም።

ረጅም መንገድ ላይ ልጅ ይሰለቻል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ከሞጆ ሐዋሳ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየሁለት ሰዓቱ፣ ልጁ ትንሽ ከሆነ ከዚያም ባነሰ ጊዜ፣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። መቂ ላይ ሐብሐብ፣ ባቱ ላይ ዓሣ እየበላ ይሩጥ፣ ይሽና፣ ውሃ ይጠጣ። ትንንሽ ልጆችን እየሄዳችሁ ቆሎና ለውዝ አታብሉ፤ መኪናው በድንገት ሲያዝ ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል። ልጁ ሲያንቀላፋ የኋላውን ወንበር ለቅቃችሁ አታጋድሙት። ጋደም ያለ ልጅ ቀበቶ አልታሰረም። መደገፊያ ያለው ቡስተር ጥቅሙ እዚህ ጎልቶ ይታያል፤ ጭንቅላቱ ከጎን ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ይተኛል፤ ትከሻውም ከቀበቶው አይወጣም።

ወደ ራሳችን መኪኖች ልመለስ። በአገራችን አብዛኛው የቤት መኪና ያገለገለ ሆኖ የመጣ ነው። መኪናው እንደተገዛ በመጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? ታፒሰሪ ይወሰዳል፤ ወንበሩ ልብስ ይሰፋለታል። ልብሱ ሲሰፋ የኋላው ቀበቶ መቆለፊያ ከሥር ይቀበራል! በብዙ ቪትዝና ኮሮላ ውስጥ የኋላ ቀበቶው ምላስ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ የሚገባበት መቆለፊያ ግን ከወንበር ልብሱ ሥር ተሰውሯል። ሰዉ «የኋላ ቀበቶ የለውም» ይላል። አለው፤ ሸፍነነዋል። የወንበር ልብስ የምትሰፉ ባለሙያዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ፣ ለመቆለፊያው ቀዳዳ መተው የመቀስ ሥራ ብቻ ነው፤ ደንበኛው ባይጠይቃችሁም ተዉለት።

ቡስተር የሚሠራው ሦስት ቦታ ከሚያያዝ ቀበቶ ጋር ብቻ ነው። በድሮዎቹ መኪኖች የኋላ መሀል ወንበር ላይ ወገብን ብቻ የሚያስር ቀበቶ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ቡስተር አይደረግም፤ ልጁ ከፍ ብሎ ደረቱ ሳይያዝ ስለሚቀር ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወረወራል። በር አጠገብ ያለው ወንበር ይሻላል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ከኋላ ወንበራቸው ላይ አይሶፊክስ የሚባል የልጅ መቀመጫ ማያያዣ ብረት አላቸው። በወንበሩና በመደገፊያው መካከል እጃችሁን ብትሰዱ ታገኙታላችሁ። ሚሊዮኖች ብር አውጥተን የገዛነው መኪና ለልጃችን ቦታ አዘጋጅቶ ቆሞ፣ እኛ ልጁን ጋቢና እንጭነዋለን።

ጋቢናን በተመለከተ ባጭሩ፦ ልጅ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። በተለይ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የጨቅላ መቀመጫ ኤርባግ ባለው ጋቢና ፈጽሞ አይቀመጥም። ኤርባጉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ፈንድቶ መቀመጫውን በሕፃኑ ጭንቅላት በኩል ይመታዋል።

የቤት መኪና የሌለው ወላጅ «ይህ ሁሉ እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል። የአዳማ ልጅ በብዛት የሚሳፈረው ባጃጅ፣ አባዱላና ሰርቪስ ነው። ባጃጅ ላይ ቀበቶ ስለሌለ ቡስተር አይረዳም። ማድረግ የሚቻለው ልጁን በሁለት አዋቂዎች መሀል ማስቀመጥ፣ እጅና እግሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መጠበቅ፣ ሾፌሩን «ቀስ በል» ማለትና የጭነት መኪና በሚበዛበት ዋና ጎዳና ከልጅ ጋር ባጃጅ አለመሳፈር ነው። ከከተማ ከተማ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ቀበቶ ያለው ወንበር ፈልጉ፤ ለልጁ ራሱን የቻለ ቦታ መክፈል ከቻላችሁ ክፈሉ። ጭን ላይ ያለ ልጅ በነፃ ይሄዳል፤ በግጭት ጊዜ ግን የሚይዘው የለም።

ሰርቪሱ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል። ጠዋት ጠዋት አንድ ሚኒባስ ውስጥ ከወንበሩ ቁጥር በላይ ልጆች ቦርሳቸውን ታቅፈው ተደራርበው ስናይ ለምደነዋል። ክፍያውን በየወሩ የምንከፍለው እኛ ነን፤ ስንት ልጅ እንደሚጫን የመጠየቅ መብቱ የእኛ ነው። አንድ ወላጅ ቢጠይቅ ይባረር ይሆናል፤ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ቢጠይቅ ግን ይሰማል። አንድ ልጅ በአንድ ወንበር፣ ለእያንዳንዱ የሚሠራ ቀበቶ። ለሾፌሩ የሚጎድለውን ገቢ ክፍያ ጨምረን ማካካስ ካለብን እናካክስ። የሾፌሩ ኑሮም ኑሮ ነው፤ በልጆቻችን ብዛት እንዲያሟላው ግን አንተወው።

ስለ ግዢ ጥቂት ልበል። መቀመጫ ስትገዙ ጀርባውን ወይም ሥሩን ገልብጡ። የአውሮፓውን መመዘኛ ያለፈ ከሆነ በክብ ውስጥ «ኢ» የምትባለዋ የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር የታተመችበት ብርቱካናማ ወረቀት ተለጥፎበታል። የአሜሪካው የራሱ ጽሑፍ፣ የቻይናውም የራሱ ምልክት አለው። ምንም ምልክት የሌለው ከሆነ ተዉት። ከጨርቅና ከስፖንጅ ብቻ የተሰፋ፣ በማንጠልጠያ ወንበር ላይ የሚታሰር ርካሽ ነገር ገበያ ላይ አለ፤ አውሮፓ ውስጥ መሸጥ የማይፈቀድ ነው፤ በግጭት ጊዜ ይበጠሳል። አናጺ ያንኳኳው ሣጥንም ሆነ የቤት ትራስ ቡስተር አይሆኑም። ትራስ ይጨመቃል፣ ይንሸራተታል፣ ልጁንም ይዞት ከቀበቶው ሥር ይወጣል። ያገለገለ መቀመጫ የምትቀበሉ ከሆነ ታሪኩን ከምታውቁት ሰው ብቻ ተቀበሉ፤ አንድ ጊዜ አደጋ ያገኘው መቀመጫ ስንጥቁ ባይታይም ጉልበቱ አልቋል። ፕላስቲኩም ያረጃል፤ የአገልግሎት ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ሥሩ ላይ ተጽፏል። በእኛ ፀሐይ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖቻችንም በስልክ የሚደርሳችሁ ከሆነ ይህን ስሙ። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ልጁ 8 ዓመት ሳይሞላው ያለ ልጅ መቀመጫ ቢነዳ ይቀጣል፤ ስለዚህ ያስራል። ክረምት ላይ ቦሌ ሲያርፍ ግን ያው ልጅ በኪራይ መኪና አያቱ ጭን ላይ ሆኖ ወደ ላንጋኖ ይጓዛል። የፊዚክሱ ሕግ በቦሌ በኩል አልተለወጠም። ብዙ አየር መንገዶች የልጅ መቀመጫ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ይዛችሁ ኑ። ስትመለሱም፣ አደጋ ያላገኘው ከሆነ፣ ለእህታችሁ ልጆች ትታችሁላቸው ሂዱ። መደገፊያ የሌለው ቀላሉ ቡስተር እዚያ ከ20 እስከ 30 ዶላር ይገኛል፤ ይዛችሁ ከምትመጡት ጫማ ይረክሳል። እሱ የሚሆነው ግን ለትልልቆቹ ነው፤ በአውሮፓ አዲሱ ደንብ ከ125 ሳንቲ ሜትር በላይ ለሆኑት ብቻ ይፈቀዳል። ለትንንሾቹ መደገፊያ ያለውን አምጡ።

የአገራችን የትራፊክ ደንብ የደህንነት ቀበቶ ማሰርን ያስገድዳል። ትራፊክ ፖሊስ ግን በየመኪናው የኋላ ወንበር ላይ አይቀመጥም። እዚያ የምንቀመጠው እኛ ነን። አያቶቻችን አንቀልባ ሠርተው ልጅን ከጀርባቸው ጋር በቆዳ ጠፍር አጥብቀው አስረው ገደል የወጡ ሰዎች ናቸው፤ «ልጄ እንዳይጨነቅ ላላ ላድርግለት» ያለች እናት አልነበረችም። ልጅን ማሰር ጭካኔ ሆኖ የሚታየን መኪና ላይ ብቻ ነው።

ለመጀመር ገንዘብ እስኪሞላ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ቤት ስትደርሱ የኋላውን ወንበር ልብስ ገልጣችሁ መቆለፊያዎቹን አውጡ፤ እያንዳንዱን ቆልፋችሁ ሳቡት፣ የማይሠራውን ነገ አሠሩ። ግድግዳ ላይ 135 ሳንቲ ሜትር ላይ መስመር አስምሩ፤ ከመስመሩ በታች ያለውን ልጅ ሁሉ ቡስተር የሚያስፈልገው ብላችሁ ቁጠሩት። ቡስተሩ እስኪገኝ ድረስ ልጁን ከኋላ፣ በር አጠገብ፣ በራሱ ቀበቶ፣ ታችኛውን ወደ ጭኑ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ለሁለት ልጅ አንድ ቀበቶ አታድርጉ። ጨቅላ ያላችሁ ግን ለክርስትናው ወይም ለአቂቃው ከምታወጡት ላይ ቀንሳችሁ የጨቅላ መቀመጫ ግዙ፤ ስጦታ ሊሰጧችሁ የሚጠይቁ ዘመዶች ካሉም ይህንኑ ተባብረው እንዲገዙላችሁ ንገሯቸው። ነገ ጠዋት የሰርቪሱ ሾፌር ደጃችሁ ሲቆም ስንት ልጅ እንደጫነ ቁጠሩ፤ ከወንበሩ በላይ ከሆነ ልጃችሁን አታሳፍሩ።